ዘንገናን ማየት፣ ዋሻን መጠርጠር

እናንተዬ፣ ሐይቅ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላችሁ የት ነው? ደብረ ዘይት፣ አይደል? ቅዳሜ ተነስቶ፣ ሆራ ወይ ባቦጋያ ዳር ቁጭ ብሎ፣ ዓሣ በልቶ፣ ሁለት ሦስት ፎቶ ተነስቶ እሑድ ማታ ሸገር መግባት። ክፋት የለውም። ግን ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ጎጃም ውስጥ፣ አዊ ምድር ላይ አንድ ሐይቅ አለላችሁ። ስሙ ዘንገና ነው። እሱን ያየ ሰው ስለ ሌላ ሐይቅ ሲወራ ፈገግ ብሎ ዝም ነው የሚለው።

ከቲሊሊ አልፋችሁ፣ እንጅባራ (የድሮ ሰዎች ኮሶ በር ይሏታል) ልትገቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ፣ ከዋናው የባሕር ዳር መንገድ ወጣ ትላላችሁ። ብዙም አያስኬድም። ዛፉ መሐል ትንሽ እንደተራመዳችሁ መሬቱ በድንገት ይከፈታል። ከታች ክብ ውሃ፣ ዙሪያውን ገደልና ጫካ። በኮምፓስ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ኋላ ውሃ ሞላው። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ የቆመውን የንግድ ባንክን ረጅም ፎቅ አምጥታችሁ መሐሉ ብታስገቡት፣ ከሦስት አራተኛ በላዩ ሰጥሞ አናቱ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ያ ሁሉ ስፋት ያለው ጣና እንኳ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት!

እኛ የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነበር። ሰበባችን ፈረስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23 ቀን በአዊ ትልቅ ቀን ነው፤ የዓድዋ ፈረሶች የሚታሰቡበት። «ፈረሱንም እናያለን፣ ዘንገናንም እግረ መንገዳችንን» ብለን ተነሳን። አምስት ነበርን። ሾፌራችን፣ ካሜራ ከአንገቱ የማይወርድ አንድ ጓደኛችን፣ አዲስ አበባ የምታስተምር አንዲት መምህርት፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከነፍሳት ጋር የምትውል አንዲት ልጅ፣ እና እኔ። የላብራቶሪዋን ልጅ «ዝንቧ» ነው የምንላት፤ እሷም አትቀየምም።

«እኔን ተወኝ!»

ጥር 22 ቀን ከሰዓት ዘንገና ደረስን። ብርዱ የጉድ ነው፤ ቦታው ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ ፀሐይ እያለች እንኳ ጃኬት አይወልቅም። ባለ ካሜራው እንደ ልማዱ ሁሉንም አሰልፎ ማንሳት ጀመረ። መምህርቷ ግን ፊቷን በሻሿ ሸፈን አድርጋ ወደ ጎን ዞረች።

«ነይ እንጂ! ውሃው ከኋላሽ ሲሆን እኮ ታምሪያለሽ!»

«እኔን ተወኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ባል ጋ ልትልኪው ነው እንዴ?»

«ተወኝ አልኩህ!» አለች ጮክ ብላ። ሁላችንም ዝም አልን። ታች ውሃው ዳር የሚንጫጩት ወፎች ብቻ ተሰሙ።

ትንሽ ቆይታ ሻሿን ራሷ አወረደችው። ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከአፍንጫዋ አጠገብ፣ የአሥር ሳንቲም ስፋት ያለው ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሜካፑም ሻሹም ሸፍኖት ነበር፤ ያየንም ሰዎች ጠይቀናት አናውቅም። ያደገችው ላይ ጋይንት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ብጉር የምታህል ነገር ወጣች፤ አታም፣ አታሳክክ። ወራት ቆይታ ሰፋች፣ ቆሰለች። አንድ አዋቂ ተጠርተው ብረት አግለው ተኮሷት። ከዓመት በላይ ቆይቶ ቁስሉ ደረቀ፤ ጠባሳው ቀረ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ከሁለት ዓመት በፊት ሽማግሌ ተልኮላት ነበር። የልጁ እናት ፊቷን አይታ «ይቺ ልጅ ሥጋ ደዌ ነበረባት፤ ለልጄ አልፈቅድም» አለች። ልጁም እናቱን ሰማ። አለቀ። «በሽታዬ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አለች መምህርቷ። «ምን ብዬ ልከራከር?»

ይሄኔ ነው ዝንቧ ቦርሳዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ አጠገቧ የተቀመጠችው።

«ሥጋ ደዌ አይደለም» አለቻት። «ቁንጭር ይባላል። እኔ ደግሞ ደሞዝ የሚከፈለኝ እሱን የምታመጣውን ለማወቅ ነው።»

ያለ ድምፅ የምትነክስ

ከዚያ በኋላ የሰማነውን እንዲህ ባጭሩ ላውጋችሁ።

ቁንጭር የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈለት እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ ብለው ሰየሙት። አዎ፣ በአገራችን ስም! ብዙውን ጊዜ ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋና ወይናደጋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው እንደሚይዘው ይናገራል። ወሎ፣ ጋይንት፣ ትግራይ፣ ጋሞ፣ ስልጤ፣ በየቦታው የየራሱ ስም አለው። ቆላ ውስጥ መተማና ሑመራ ላይ ሰው ከሚገድለው ካላዛር ጋር ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ካላዛር ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይገባል፤ ቁንጭር ቆዳ ላይ ይቆያል። አንዳንዴ ግን አፍና አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ያበላሻል፤ አንዳንዴም በመላ ሰውነት ላይ ይሰራጫል።

ታዲያ ማን ናት አምጪዋ? የአሸዋ ዝንብ ትባላለች። ስሟ ያሳስታል፤ የእኛ አገሯ አሸዋ ላይ አይደለም የምትኖረው። ቁመቷ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር ነው። ገላዋ ፀጉራም፣ ቀለሟ እንደ ደረቅ ገለባ። ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍታ ትይዛለች። እንደ ወባ ትንኝ «እዝዝዝ» አትልም፤ ዝም ብላ መጥታ ዝም ብላ ትነክሳለች። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት፣ ለእንቁላሏ ስትል። ሩቅ መብረር አትችልም፤ ዘለል ዘለል ነው የምትለው። የምትወጣውም አመሻሽና ሌሊት ነው።

«ይሄ ሐይቅ አያፈራትም እንዴ?» አለ ባለ ካሜራው፣ ውሃውን በጥርጣሬ እያየ።

«ሐይቁን አትጠርጥረው» አለች ዝንቧ። «የወባ ትንኝ ናት እንቁላሏን ውሃ ላይ የምትጥለው። ይቺ ውሃ አትፈልግም። ጨለማ፣ ትንሽ እርጥበት፣ የበሰበሰ ፋንድያ ያለበት አፈር ካገኘች ይበቃታል። እናንተ እዚህ ስትመጡ ውሃውን ታያላችሁ። እኔ ደግሞ የትም ስሄድ መጀመሪያ የማየው የድንጋዩን ስንጥቅ ነው።»

ዋሻ ደግሞ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይዟል። ውጭ ውርጭ ሲሆን ውስጡ ሞቅ ይላል፤ ውጭ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋሻና ገደል ውስጥ ሽኮኮ አለ። ያቺ ጥንቸል የምትመስለው፣ ጅራት የሌላት፣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው። (የቅርብ ዘመዷ ዝሆን ነው ቢባል ታምናላችሁ? እውነት ነው!) ሽኮኮ ተሕዋሱን ይዛ እሷ ምንም ሳትሆን ትኖራለች። ዝንቧ ከሽኮኮ ትመጣለች፤ ቀጥላ ሰው ካገኘች ለሰው ትሰጣለች። ሽኮኮ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ነው ዘወትር የምትጸዳዳው፤ ያ ክምር ለዝንቧ ልጆች ሁለመናቸው ነው። ምግቡም፣ ቤቱም፣ ጎረቤቱም አንድ ላይ!

ዋሻ ውስጥ ማታ ማታ

እኛ የምንዝናናበት ሰዓት ለነሱ የሥራ ሰዓት ነው። ዝንቧ እንደነገረችን፣ ጀምበር ስትጠልቅ ዋሻው አፍ ላይ ትንሽ አምፑልና ማራገቢያ ያለው ወጥመድ ይሰቅላሉ፤ ዝንቦቹ ወደ ብርሃኑ ሲመጡ ማራገቢያው ወደ መረቡ ይስባቸዋል። ሌላው ዘዴ ደግሞ ያስቃል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ወስዶ የጉሎ ዘይት መቀባት፣ በእንጨት ወግቶ ስንጥቁ አጠገብ ማቆም፣ ጠዋት መጥቶ የተጣበቀውን መልቀም። ሦስተኛው በአፍ ነው። አዎ፣ በአፍ! ጫፉ ላይ ወንፊት ያለው ቱቦ ይዘው፣ ግድግዳ ላይ ያረፈችውን ሳብ ያደርጋሉ። «እንዴ፣ ብትውጫትስ?» አለ ሾፌራችን። «ለዚህ ነዋ ወንፊቱ!»

መያዙ ግን ቀላሉ ነው። ዋናው ጣጣ «ይቺ ማን ናት?» የሚለው ነው። አንድ ዋሻ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት አብረው ይኖራሉ፤ በዓይን ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። በዓለም ላይ ከ800 በላይ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል፤ በሽታ ያስተላልፋሉ የሚባሉት ወደ 90 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ዋሻው በዝንብ ቢሞላም ሁሉም ጥፋተኛ አይደሉም። ለምሳሌ ሰርጀንቶማያ የሚባሉት በብዛት እንሽላሊት ነው የሚነክሱት። ፍሌቦቶመስ የሚባሉት ናቸው ጉደኞቹ።

እና እንዴት ይለያሉ? ዝንቢቱ አልኮል ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚያ ጭንቅላቷና የጅራቷ ጫፍ በመርፌ ይቆረጣል፤ ሥጋውን አጥርቶ እንደ መስታወት በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በስላይድ ላይ ተለጥፎ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። የአፏ ጓዳ ውስጥ የጥርስ ረድፍ ከታየ ሰርጀንቶማያ ናት። ሆዷ ላይ ያለው ፀጉር ከቆመ ወደ ፍሌቦቶመስ ያደላል፤ ከተኛ ወደ ሰርጀንቶማያ። ሴቷ የወንዱን ዘር የምታስቀምጥባት ትንሽ ከረጢት አለቻት፤ የከረጢቷ ቅርፅ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ወንዱ ደግሞ ጅራቱ ጫፍ ላይ ሴቷን የሚይዝበት መቆንጠጫ አለው። እሱም ላይ ያለው እሾህ ይቆጠራል፣ ርዝመቱ ይለካል።

«ወይ ጉድ!» አለ ሾፌራችን። «መታወቂያቸው እዚያ ነው ያለው?»

«መታወቂያቸው እዚያ ነው ያለው» አለች ዝንቧ፣ ሳትስቅ።

በኢትዮጵያ ደጋ ቁንጭርን የሚያስተላልፉት ሁለት ዝርያዎች ዋነኞቹ ናቸው። አንዷ ፍሌቦቶመስ ሎንጊፔስ፣ ሌላዋ ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር። ሎንጊፔስ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው የተሰየመችው። ፔዲፈር ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1972 ድረስ ለብቻዋ ስም አልነበራትም፤ ስሟን ያገኘችው በኬንያ ኤልጎን ተራራ ዋሻዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ሁለቱ እንደ መንታ እህትማማቾች ናቸው። ወንዶቹ ቢለዩም ሴቶቹን በማይክሮስኮፕ መለየት ባለሙያውንም ያስለቅሳል። ነካሾቹ ደግሞ ሴቶቹ ናቸው! ለዚህ ነው ዛሬ ከመልኩ በተጨማሪ ዘረመላቸው የሚነበበው። ሆዷ ውስጥ የቀረው ደምም ይመረመራል፤ የማንን ደም እንደጠጣች፣ የሽኮኮ ይሁን የሰው፣ ይታወቃል። ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አንዱ ነው፤ ከእነሱ ወገን የወጣው የደጋው ቁንጭር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሟል።

የዋሻ ነገር ከተነሳ ደግሞ ኦቾሎ የምትባል መንደር አለች። አርባ ምንጭ አጠገብ፣ የጋሞ ተራራ ላይ፣ ዓባያ ሐይቅን ቁልቁል እያየች የተቀመጠች። ቤቶቹ ከቋጥኝ ጋር፣ ቋጥኙ ከሽኮኮ ጋር ተጎራብተው ነው የሚኖሩት። ፔዲፈር ከዋሻዎቹ በብዛት ትያዛለች። እዚያ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረገ ምርመራ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቁንጭር ጠባሳ ነበረባቸው። ወሎ ውስጥም ኩታበር ላይ፣ ደሴ አጠገብ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ይህ ሲጠና ቆይቷል።

ስሟን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ባለ ካሜራው ነው የጠየቀው። «እሺ፣ ሎንጊፔስ ሆነች ፔዲፈር፣ ለኔ ምን ይፈይድልኛል? ዝንብ ዝንብ ነው!»

ጥያቄው ሞኝ አይደለም። የዝንቧ መልስ ግን አሳመነኝ። ሑመራና መተማ ላይ ካላዛርን የምታመጣው ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ናት። እሷ የምትወደው የተሰነጠቀ ጥቁር መሬትና የግራር ሥር ነው። በደቡብ ደግሞ ፍሌቦቶመስ ማርቲኒ የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው ቤቷ። የደጋዎቹ ገደልና ዋሻ ነው። ዝርያዋን ካላወቃችሁ የኩይሳዋን ገደል ውስጥ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ቤት ውስጥ የምትነክስ ከሆነች ግድግዳ ላይ መድኃኒት ይረጫል፤ ዋሻ አፍ ላይ ለምትነክስ ግን የቤት ግድግዳ መርጨት ምን ያደርጋል? ገንዘብ መበተን ነው። ለዚህ ሲባል ነው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የዝንብ ጉሮሮ ሲያይ የሚውለው።

«ሌባውን ሳታውቅ ሰፈሩን ሁሉ አታስር» አለችን። ባለ ካሜራው ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

የስልኩ ነገር

መምህርቷ ይህን ሁሉ ስትሰማ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ኋላ ድንገት «የመጀመሪያው ላይ ምን ይመስላል አልሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ብጉር። የማታም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይታ የምትሰፋ።»

«ወንድሜ ላይ ወጥቷል» አለች። «የላይኛው ከንፈሩ አጠገብ። አራት ወሩ። ለእሑድ አዋቂውን ጠርተውለታል።»

ዝንቧ ተነሳች። «ደውይ።»

ገደሉ አፋፍ ላይ ኔትወርክ ለመፈለግ ሁለቱ ወዲያ ወዲህ ሲሉ አየናቸው። በመጨረሻ ተገኘ። መጀመሪያ እናትየው ነበሩ፤ ወዲያው ስልኩን ለአጎትየው ሰጡ። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር እኛም ሰማን።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ እሑድን ይለፉልኝ። ልጁን ሆስፒታል እንውሰደው።»

«ለቁንጭር ሆስፒታል? አንቺን የተኮስንሽ እኛ አይደለን? ዳንሽ አይደል እንዴ?»

መምህርቷ ወደ ዝንቧ አየች። ዝንቧ አልተናገረችም፤ መልሱን ከደቂቃዎች በፊት ነግራታለች።

«ዳንኩ፣ ጋሼ» አለች መምህርቷ። «ግን ያዳነኝ እሳቱ አይደለም። ይህ በሽታ ጊዜውን ቆጥሮ በራሱ የሚደርቅበት ጊዜ አለ። እኔ ከተተኮስኩ በኋላ እኮ ከዓመት በላይ ቆስዬ ነበር፤ ያስታውሱታል። እሳቱ የጨመረልኝ ጠባሳውን ነው። ጋሼ፣ እኔ በዚህ ፊት ሽማግሌ ተመልሶብኛል። እሱንስ እንዲህ እናድርገው?»

ረጅም ዝምታ። ከዚያ ከወዲያ በኩል፣ ቀስ ብሎ፦ «ሽማግሌው የተመለሰው ለዚህ ነበር እንዴ? ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ ልንገርዎ?»

«እሺ። እሑድ ይቅር። የት ነው የምንወስደው?»

ልጁ ጎንደር ሄደ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ የቆየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። መጀመሪያ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ፍቀው በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ምክንያቱም ሥጋ ደዌም ሌላም የቆዳ በሽታ ይመስላልና ሳይረጋገጥ አይጀመርም። ከዚያ ለሳምንታት መርፌ ተወጋ። መርፌው ቀላል አልነበረም፤ ያማል፣ ያደክማል። ዛሬ ከንፈሩ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ምልክት አለችው። እኅቱ «ጢም ሲያበቅል ትሸፈናለች» ትላለች።

እሷስ? ጠባሳዋ አለ። የልጁ እናትም አልተመለሰችም። ግን አሁን የሚጠይቃት ሰው መልስ ያገኛል። «ቁንጭር ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ወጥቶ ኋላ ድኗል። ከሰው ወደ ሰው በመነካካት አይተላለፍም።» ይህንን ስትናገር ሻሿን አታስተካክልም።

እና እናንተስ?

«ታዲያ ቤት እንቀመጥ ነው የምትይን?» ትሉ ይሆናል። በፍጹም! አገራችሁን እዩ። ዋሻ የሚወድ ወጣት፣ ገደል ላይ የሚወጣ፣ ለንግሥ ሄዶ ዋሻ ሥር የሚያድር፣ ድንኳን ይዞ የሚወጣ በዝቷል። ደስ ይላል። ብቻ እነዚህን ከቦርሳችሁ ጋር ያዙ፦

አንደኛ፣ ሰዓት እወቁ። ዋሻን በቀን ግቡ፣ ሳይመሽ ውጡ። ጀምበር ስትጠልቅ ዋሻ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጊታር መምታት ለሴልፊ ያምራል፤ ለፊታችሁ ግን አያምርም።

ሁለተኛ፣ ሸፈን በሉ። ሲመሽ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ሱሪ፣ ካልሲ። ፊትና እጅ ላይ ዲት ያለበት የነፍሳት ማባረሪያ ቅባት ቀቡ፤ ቁንጭር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ያልተሸፈነ ቦታ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የምታድሩበትን ምረጡ። ድንኳን ከገደል ሥርና ከሽኮኮ መጸዳጃ ራቅ አድርጉ። ተራ አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ዝንቧ ሾልካ ትገባለች፤ ቀዳዳው የጠበበ ወይም መድኃኒት የተነከረ ይሻላል።

አራተኛ፣ የማይድን ብጉር አትናቁ። ከጉዞ ከተመለሳችሁ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ የወጣች፣ የማታም፣ ከወር በላይ ያልጠፋች ነገር ካለች ሐኪም ጋ ሂዱ። «የት ነበርክ?» ሳትባሉ የት እንደነበራችሁ ንገሩ። የከተማ ሐኪም ላያስበው ይችላል። አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ ቦሩ ሜዳ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ የሚያውቁ ናቸው። እሳት፣ አሲድ፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ ምንም አታስነኩት።

አምስተኛና ዋናው፣ ጠባሳ ያለበትን ሰው አትሽሹ። በመጨባበጥ፣ በመሳሳም፣ አንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍም። ፊቷ ላይ ምልክት ያላት ልጅ ወደዳችሁ? ለእናታችሁ አስረዱ። «እናቴ እምቢ አለች» የሚል ሰበብ ዕድሜ ለዝንቧ እንጂ ለፍቅር አይሰጥም።

ስለ መንገዱ ደግሞ አንድ ነገር። እኛ የሄድነው በደጉ ጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ ወደ ጎጃም ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ዘንገና የትም አይሄድም፤ ከስንት ሺህ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው። ሰላም ሲሆን ፈረሱንም፣ የአዊን የቀርቀሃ ሥራና ድንችም፣ ያን ክብ ውሃም ታያላችሁ። ውሃው ዳር ቁጭ ብላችሁ ጠግባችሁ እዩት። ሲመሽ ግን ወደ እንጅባራ ገብታችሁ ትኩስ ነገር ጠጡ።

ቸር ሰንብቱ!